ሞተር አዋቂው አብራሪ፦ የኮሎኔል ጆን ቻርልስ ሮቢንሰን የሕይወት ታሪክ

ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ማርቆስ የሚወስደው የመኪና መንገድ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል። በሰማይ ግን በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው ርቀት ከ200 ኪሎ ሜትር ያነሰ ነው። የልዩነቱ ዋና ምክንያት ዓባይ ነው። መኪና ከጎሃ ጽዮን እየተጠማዘዘ ወርዶ፣ ወንዙን ተሻግሮ፣ እንደገና እየተጠማዘዘ ወደ ደጀን ሲወጣ የሚፈጀውን ጊዜ ትንሽ አውሮፕላን በጥቂት ደቂቃዎች ትጨርሰዋለች።

ይሁን እንጂ አንድ ሞተር ብቻ ባላት አውሮፕላን ለሚጓዝ አብራሪ የጉዞው አደገኛ ክፍል እነዚያ ጥቂት ደቂቃዎች ናቸው። ከሱሉልታ እስከ ጎሃ ጽዮን፣ ከደጀን እስከ ሉማሜና ደብረ ማርቆስ ከታች የሚታየው በአብዛኛው ሜዳማ ደጋ ነው፤ ሞተሩ ቢታወክ የታጨደ የጤፍ ማሳ ወይም የከብት ግጦሽ መርጦ መውረድ ይቻላል። የዓባይ ሸለቆ ግን ከ1,000 ሜትር በላይ ወደ ታች የሚወርድ ገደል ነው። በዚያ ላይ ሞተር የከዳው አብራሪ የሚተማመንበት ማሳ የለውም፤ ያለው ሀብት ከፍታው ብቻ ነው። አንዲት ቀላል አውሮፕላን ሞተሯ ቆሞ ከ1,000 ሜትር ከፍታ ስምንት ወይም ዘጠኝ ኪሎ ሜትር ያህል ልትንሸራተት ትችላለች። ስለዚህ አስተዋይ አብራሪ ሸለቆው አፋፍ ላይ ከመድረሱ በፊት ከፍታ ይጨምራል፤ ምንጊዜም ወዲህኛው ወይም ወዲያኛው ደጋ እንዲደርሰው አድርጎ ይሻገራል።

ከሸለቆው ሌላ የአየሩ መሳሳት አለ። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ በስተ ሰሜን ያለው የጮቄ ተራራም ከ4,000 ሜትር ያልፋል። በዚህ ከፍታ አየሩ ስለሚሳሳ ተጨማሪ አየር መግፊያ መሣሪያ የሌለው የቤንዚን ሞተር በባሕር ዳርቻ ከሚሰጠው ጉልበት ሦስት አራተኛውን ያህል ብቻ ይሰጣል። አውሮፕላኗ ለመነሣት ረጅም መንደርደሪያ ትፈልጋለች፤ ከተነሣችም በኋላ ቀስ ብላ ነው የምትወጣው። በቆላ አገር በቀላሉ የሚታለፍ የሞተር ማንጠባጠብ በደጋ አገር ለአደጋ ይበቃል።

ይህን የደጋ በረራ በራሳቸው እጅ ሠርተው፣ ለኢትዮጵያውያን ወጣቶችም አስተምረው፣ በመጨረሻ ሕይወታቸውን ከሰጡት ቀደምት አብራሪዎች አንዱ ኮሎኔል ጆን ቻርልስ ሮቢንሰን ናቸው። በአገራቸው በአሜሪካ ቡናማው ኮንዶር በሚል ቅጽል ይታወቃሉ።

ሮቢንሰን የተወለዱት በ1890ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ በፍሎሪዳ ግዛት፣ ካራቤል በምትባል የባሕር ዳርቻ ከተማ ነው። አባታቸው ገና በሕፃንነታቸው ስለሞቱ እናታቸው ልጆቻቸውን ይዘው ሚሲሲፒ ግዛት ወደምትገኘው ገልፍፖርት ሄዱ፤ በዚያም በባቡር ድርጅት የሚሠራ ሰው አገቡ። ሮቢንሰን ያደጉት የባቡር ጥገና ድምፅ በሚሰማበት ቤት ነው። በልጅነታቸው በገልፍፖርት ዳርቻ ውኃ ላይ ያረፈች አውሮፕላን አይተው አብራሪ ለመሆን እንደተመኙ ይተረካል። ዘመኑ ጥቁር አሜሪካዊ ከነጭ ጋር በአንድ የባቡር ፉርጎ የማይቀመጥበት ስለነበረ ምኞቱ ለቤተሰቡ የሚመስል ነገር አልነበረም።

ሊሟላ የሚችለውን አስቀደሙ። ቡከር ቲ. ዋሽንግተን በመሠረቱት በቱስኬጊ የአላባማ ተቋም ገብተው የመኪና መካኒክነት ተማሩ፤ በ1916 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1924) ተመረቁ። ከዚያ ወደ ሰሜን ተጉዘው በዲትሮይት፣ ቀጥሎም በቺካጎ ሠሩ፤ በቺካጎም የራሳቸውን ጋራዥ ከፈቱ። የኋላ ሕይወታቸውን ለሚያጠና ሰው ይህ ዘመን በቸልታ የሚታለፍ አይደለም። ሮቢንሰን አውሮፕላን ከማብረራቸው በፊት ለዓመታት ሞተር ሲፈቱና ሲገጥሙ ኖረዋል። ሞተር ሳይቆም በፊት እንደሚናገር፣ ድምፁ፣ ሙቀቱና የዘይት ግፊቱ ሲለወጥ ምን ማለት እንደሆነ የተማሩት በምድር ላይ ነው።

በቺካጎ ስመ ጥር የነበረው የኩርቲስ ራይት የአቪዬሽን ትምህርት ቤት ጥቁሮችን አይቀበልም ነበር። ሮቢንሰን ማመልከቻቸው ውድቅ ሲሆን በዚያው ትምህርት ቤት የጽዳት ሠራተኛ ሆነው ተቀጠሩ። ማታ ማታ መምህሩ ሲያስተምር ክፍሉን እየጠረጉ ያዳምጣሉ፤ ሰሌዳው ላይ የቀረውን ጽሑፍ ከመጥፋቱ በፊት ይገለብጣሉ። በጎን ደግሞ የሙያ ጓደኛቸውን ኮርኔሊየስ ኮፊን ጨምረው ከሌሎች ወጣቶች ጋር ክበብ አቋቋሙና ሂዝ ፓራሶል የምትባል ቀላል አውሮፕላን ገጣጥመው የሞተር ብስክሌት ሞተር አስገቡባት። ከትምህርት ቤቱ መምህራን አንዱ ሥራውን አይቶ ተደነቀ፤ በእርሱም ድጋፍ በሩ ተከፈተ። ሮቢንሰንና ኮፊ በትምህርት ቤቱ ከተመረቁ ጥቁር ተማሪዎች የመጀመሪያዎቹ ሆኑ። ትምህርት ቤቱም ብዙ ሳይቆይ ለሌሎች ጥቁር ተማሪዎች ክፍል ከፍቶ መምህርነቱን ለእነርሱ ሰጠ።

በ1923 ዓ.ም. ገደማ ቻሌንጀር የተባለ የአብራሪዎች ማኅበር መሠረቱ። በነጮች የአውሮፕላን ማረፊያዎች በነፃነት መጠቀም ስለማይፈቀድላቸው ከቺካጎ ወጣ ብላ በምትገኘው ሮቢንስ በምትባል የጥቁሮች ከተማ መሬት ደልድለው የራሳቸውን ማረፊያ ሠሩ። ማረፊያው ሁለት ዓመት እንኳ በወጉ ሳያገለግል ማዕበል አፈረሰው። ሌላ ቦታ ፈልገው እንደገና ጀመሩ።

የሮቢንሰንን ጠባይ በግልጽ የሚያሳየው ግን በግንቦት 1926 ዓ.ም. ያደረጉት ጉዞ ነው። የተመረቁበት አሥረኛ ዓመት ስለነበረ በአየር ወደ ቱስኬጊ ሄደው የተቋሙ አስተዳደር የአቪዬሽን ትምህርት እንዲከፍት ለማሳመን አሰቡ። ሮቢንሰንና ኮፊ በአንድ ባለ ሁለት መቀመጫ አውሮፕላን፣ ጓደኛቸው ግሮቨር ናሽ ደግሞ ቡል ፐፕ በምትባል ባለ አንድ መቀመጫ ትንሽ አውሮፕላን ከቺካጎ ተነሡ። አላባማ ውስጥ ዲኬተር በምትባል ከተማ ካረፉ በኋላ እንደገና ሲነሡ የሮቢንሰንና የኮፊ አውሮፕላን ተሰባበረች። ሰው አልሞተም፤ ጉዞው ግን የቆመ መሰለ። ሮቢንሰን የናሽን አውሮፕላን ተውሰው፣ ሁለቱን ጓደኞቻቸውን እዚያው ትተው ብቻቸውን ቱስኬጊ ደረሱ።

የተዋሷት አውሮፕላን ምን ዓይነት እንደነበረች ማወቅ ውሳኔውን ለመመዘን ይረዳል። ባለ ሦስት ሲሊንደሩ የዜኬሊ ሞተር ጉልበቱ 45 የፈረስ ኃይል ብቻ ነበር። ከጉልበቱ ማነስ ይልቅ የሚያሳስበው በበረራ ላይ ሲሊንደር እየነቀለ የመጣል ክፉ ስም ያለው መሆኑ ነው፤ ባለቤቶቹ ሲሊንደሮቹን ዙሪያውን በብረት ገመድ አስረው ይበሩ ነበር። አንድ አውሮፕላን የሰበረ ሰው በዚያው ጉዞ እንዲህ ባለ ሞተር መነሣቱ ድፍረት ነው ወይስ ግትርነት የሚለውን አንባቢ ይፍረድ። ቱስኬጊ ያኔ ገንዘብ ስለሌለው ጥያቄውን አልፈጸመም። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዝነኛ የሆኑት የቱስኬጊ ጥቁር አብራሪዎች የሠለጠኑት እዚያው ነው፤ ብዙዎችም የሐሳቡን አባት ሮቢንሰን ያደርጓቸዋል።

ወደ ኢትዮጵያ የመጡበት ምክንያት ከወልወል ግጭት በኋላ የመጣው የጦርነት ሥጋት ነው። በአሜሪካ ሕክምና ያጠኑት የንጉሠ ነገሥቱ ዘመድ ዶክተር መላኩ በያን ለኢትዮጵያ የሚያገለግሉ ጥቁር ባለሙያዎችን ይፈልጉ ነበር። ሮቢንሰን ጥሪውን ተቀብለው ጋራዣቸውንና ተማሪዎቻቸውን ትተው በግንቦት 1927 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገቡ።

ያኔ አውሮፕላን ለኢትዮጵያ አዲስ ነገር አልነበረም። የመጀመሪያዋ የፈረንሣይ ፖቴዝ 25 አዲስ አበባ ያረፈችው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ነው። በቀጣዩ ዓመት ሚሽካ ባቢቼፍና አስፋው ዓሊ ለብቻቸው ለመብረር ከበቁት የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን ሆነዋል። በዚያው ዘመን የንጉሠ ነገሥቱ በዓለ ንግሥ ሲቃረብ ሌላው ጥቁር አሜሪካዊ አብራሪ ሁበርት ጁልያን ለበዓሉ የተዘጋጀችውን አዲስ ጂፕሲ ሞት አውሮፕላን አንሥቶ ዛፍ ላይ ጥሏት ነበር። በመሆኑም ከአሜሪካ የመጣ ጥቁር አብራሪ በቤተ መንግሥት በኩል በጥርጣሬ ቢታይ አያስደንቅም። ሮቢንሰን ጥርጣሬውን በንግግር ሳይሆን በሥራ አስወገዱት፤ በ1927 ዓ.ም. ክረምት የአየር ኃይሉ መሪነት ከኮሎኔልነት ማዕረግ ጋር ተሰጣቸው።

የተረከቡት ኃይል ከሁለት ደርዘን የማይበልጡ አውሮፕላኖች ያሉት ሲሆን መብረር የሚችሉት ከዚያም ያነሱ ነበሩ። ፖቴዙ የፈረንሣይ፣ ዩንከርሱ የጀርመን፣ ፎከሩ የሆላንድ ሥራ ነው፤ ሌሎችም ከየአገሩ የመጡ ነበሩ። እንዲህ ያለ ስብስብ ለመካኒክ መከራ ነው። የአንዱ ካንዴላ ለሌላው አይሆንም፤ የአንዱ ብሎን በሌላው መፍቻ አይፈታም። የተሰበረ ዕቃ ከአውሮፓ በመርከብ ጅቡቲ፣ ከጅቡቲ በባቡር አዲስ አበባ እስኪደርስ ወራት ያልፋሉ። ቤንዚኑም በበርሜል የሚመጣ ስለሆነ ውኃና ዝገት እንዳይገባበት ታንክ ውስጥ ከመጨመሩ በፊት በጥንቃቄ መጣራት ነበረበት፤ አንዲት የውኃ ጠብታ ካርቡሬተር ውስጥ ብትገባ በአየር ላይ ሞተር ታጠፋለችና። ሮቢንሰን ከአንዱ እየነቀሉ ሌላውን እየጠገኑ የተወሰኑትን ለበረራ አበቁ። የጋራዥ ዘመናቸው ለአገር ጥቅም የዋለው እዚህ ላይ ነው።

በዚሁ ወቅት ጀርመናዊው አብራሪ ሉድቪግ ቬበር ከኢትዮጵያውያን ሠራተኞች ጋር አዲስ አበባ ላይ አንዲት ትንሽ አውሮፕላን ሠርቶ ነበር። ይህች በልዕልት ፀሐይ ስም የተጠራች አውሮፕላን በወረራው ተማርካ ወደ ጣሊያን ከተወሰደች ከብዙ ዓሥርተ ዓመታት በኋላ በጥር 2016 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ተመልሳለች።

የሮቢንሰን አውሮፕላኖች ለውጊያ የሚሆን ትጥቅ አልነበራቸውም። በመቶዎች ከሚቆጠሩ የጣሊያን የጦር አውሮፕላኖች ጋር መጋጠም የማይታሰብ ስለነበር ሥራቸው መልእክት፣ መድኃኒት፣ ገንዘብና ሰው ማመላለስ ሆነ። ስልክ በሌለበትና የመኪና መንገድ በማይደርስበት ጦር ሜዳ ይህ ቀላል አገልግሎት አልነበረም። መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. አድዋ በቦምብ ስትደበደብ ሮቢንሰን እዚያው ነበሩ፤ የወረራውን መጀመር በዓይናቸው ካዩት የውጭ ሰዎች አንዱ ናቸው። ከዚያ በኋላ በነበሩት ወራት በመዲናይቱና በሰሜኑ ግንባር መካከል፣ በተለይም የንጉሠ ነገሥቱ ጦር ሰፈር ወደሆነችው ደሴ እየተመላለሱ በረሩ።

በእነዚህ በረራዎች ጠላታቸው ሦስት ነበር፦ የጣሊያን ተዋጊ አውሮፕላን፣ ተራራውና ያረጀው ሞተር። ከመጀመሪያው ለማምለጥ ዝቅ ብሎ በሸለቆ ውስጥ መብረርና ደመና ውስጥ መደበቅ ያስፈልጋል። ከሦስተኛው ለመዳን ግን ከፍ ብሎ መብረርና ማረፊያ ሜዳ ከሚታይበት አለመራቅ ይገባል። ሁለቱ ትእዛዛት ፈጽሞ አይስማሙም። በሰላም ጊዜ ዓባይን የሚሻገር አብራሪ ከፍታውን እንደ ስንቅ ይይዛል፤ ሮቢንሰን ግን ያንን ስንቅ እየጣሉ መብረር ነበረባቸው። በዚህ ዘመን ቆስለዋል፤ የመርዝ ጋዝም አግኝቷቸዋል።

ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከአዲስ አበባ ወጡ። ሮቢንሰንም በዚያው ሰሞን አገሩን ለቀው በግንቦት ወር ኒው ዮርክ ደረሱ። በቺካጎ ሕዝብ በነቂስ ወጥቶ ተቀበላቸው። ክብሩን አልጠሉትም፤ ሆኖም ወደ ሙያቸው ተመልሰው የአቪዬሽን ትምህርት ቤት ከፈቱ። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ ለአሜሪካ ጦር የአውሮፕላን መካኒኮችን አሠለጠኑ።

እርሳቸው ባልነበሩባቸው ዓመታት ትንሽ አውሮፕላን በጎጃም ደጋ ላይ ለኢትዮጵያ ነፃነት አንድ ሥራ ሠርታለች። ኅዳር 11 ቀን 1933 ዓ.ም. እንግሊዛዊው መኮንን ኦርድ ዊንጌት ከሱዳን ተነሥቶ ባለ አንድ ሞተር ቪከርስ ቪንሰንት በተባለች አውሮፕላን ሰከላ ላይ አረፈ። በዚያ ከአርበኞቹ ጋር የነበረውን የኮሎኔል ሳንድፎርድን ቡድን አግኝቶ ስለ ዘመቻው ተመካክሮ ተመለሰ። ማረፊያው በጠላት ይዞታ መካከል፣ በተራራማ አገር ላይ በችኮላ የተደለደለ ነበር፤ ሞተሩ በዚያ ቢበላሽ ዕቃ የሚገኝበት ስፍራ አልነበረም። ከአራት ወር ተኩል ገደማ በኋላ፣ መጋቢት 28 ቀን 1933 ዓ.ም.፣ ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ማርቆስ ገቡ።

ሮቢንሰን በ1936 ዓ.ም. ግድም በኢትዮጵያ መንግሥት ጥሪ አምስት ያህል ጥቁር አሜሪካውያን ባለሙያዎችን ይዘው ተመለሱ። ወረራው የቀደመውን ሁሉ አጥፍቶት ስለነበረ ከባዶ መጀመር ግድ ሆነ። ወጣቶች ተመርጠው መጡ፤ ብዙዎቹ ከዚያ በፊት ሞተር በእጃቸው ነክተው አያውቁም። ሮቢንሰን በተማሩበት መንገድ ከጥገናው አስጀመሯቸው።

ለጀማሪ አብራሪ በዚያ ዘመን ይሰጥ የነበረው፣ ዛሬም ያልተለወጠው ትምህርት እንዲህ ይነገራል። ሞተር በአየር ላይ ሲታወክ የመጀመሪያው ሥራ ሞተሩን መጠገን አይደለም፤ አውሮፕላኗን ማብረር ነው። አፍንጫዋ ካልተዘቀዘቀ ፍጥነቷ ይሞታል፤ ፍጥነት ያጣች አውሮፕላን ደግሞ እንደ ድንጋይ ትወርዳለች። ሁለተኛው ሜዳ መምረጥ ነው፤ የተመረጠ ሜዳም እስኪያርፉ ድረስ አይለወጥም። ከዚያ ጊዜ ከተረፈ ምክንያቱ ይፈለጋል፦ የነዳጁ ማዞሪያ ወደ ባዶው ታንክ እንዳይሆን፣ ካርቡሬተሩ በረዶ እንዳይዝ፣ ከሁለቱ ማግኔቶዎች አንዱ እንዳይከዳ ይፈተሻል። ካርቡሬተር በሞቃት ቀንም በረዶ ሊይዝ ይችላል፤ እርጥበት ያለው የክረምት አየር በጠባቡ መተላለፊያ ሲያልፍ ስለሚቀዘቅዝ ነው። ምድር ሲቃረብ ደግሞ እሳት እንዳይነሣ ነዳጁና መብራቱ ይዘጋሉ። ማሳ ላይ ሲያርፉ በትልም ላይ ሳይሆን ከትልሙ ጋር መሄድ፣ የታረሰውን ትቶ የታጨደውን መምረጥ ይገባል።

ከሁሉ ከባዱ ፈተና አውሮፕላኗ ገና ከመሬት እንደተነሣች ሞተሩ ሲዳከም የሚመጣው ነው። ከፍታ የለም፤ ጊዜም የለም። ወደ ተነሡበት ማረፊያ መመለስ ያጓጓል፤ ነገር ግን በዝቅተኛ ከፍታ መዞር ያለችውን ጥቂት ፍጥነት ይበላል፤ ብዙ አብራሪዎችም የሞቱት ሲዞሩ ነው። ደንቡ ወደ ፊት፣ ጥቂት ግራና ቀኝ ብቻ እያሉ ማረፍን ያዛል። ፊት ለፊት ሜዳ ላለው ይህ ጥሩ ምክር ነው። ፊት ለፊቱ ባሕር ዛፍና ቤት ላለበት ከተማ ግን ሁለቱም ምርጫ ክፉ ነው።

በዚያው ዘመን አገሪቱ በአቪዬሽን በኩል በፍጥነት ተራመደች። ኢትዮጵያ በ1937 ዓ.ም. ኅዳር ወር (እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 1944) የቺካጎውን የሲቪል አቪዬሽን ስምምነት ከፈረሙት አገሮች አንዷ ሆነች። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም. ተመሥርቶ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያ በረራውን አደረገ። ደብረ ማርቆስም ውሎ አድሮ የአገር ውስጥ በረራ ተጠቃሚ ከሆኑት ከተሞች ተቆጠረች።

ለሮቢንሰን ግን እነዚያ ዓመታት ደስታ ብቻ አልነበሩም። የአየር ኃይሉ ሥልጠና ለስዊድን ባለሙያዎች ተሰጠ፤ መሪያቸው ካውንት ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን ነበሩ። እኚህም ተራ ሰው አልነበሩም። በወረራው ጊዜ ለቀይ መስቀል በኢትዮጵያ በረዋል፤ በግንቦት 1939 ዓ.ም. ደግሞ ሳፊር በምትባል ባለ አንድ ሞተር ትንሽ አውሮፕላን ከስቶክሆልም አዲስ አበባ 6,220 ኪሎ ሜትር ያህል ሳያርፉ በ30 ሰዓት ከ52 ደቂቃ ደርሰዋል። ሁለቱ ሰዎች ኢትዮጵያን ይወዱ ነበር፤ እርስ በርሳቸው ግን አልተስማሙም። ጠባቸው እየከረረ ሄዶ ሮቢንሰን አየር ኃይሉን ለቀቁ። ወደ አሜሪካ መመለስ ይችሉ ነበር፤ አልተመለሱም። በአዲስ አበባ ተቀምጠው መብረራቸውንና ማሠልጠናቸውን ቀጠሉ።

መጋቢት 4 ቀን 1946 ዓ.ም. ለሕክምና የሚሆን ደም በአስቸኳይ እንዲደርስ ተፈለገ። ሮቢንሰን አንድ ጣሊያናዊ መሐንዲስ አብሯቸው ተሳፍሮ ኤል-5 ስቲንሰን በተባለች ትንሽ አውሮፕላን በረሩ። ይህች ባለ ሁለት መቀመጫ አውሮፕላን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለቅኝትና ቁስለኛ ለማንሣት ያገለገለች፣ ለአጭር ሜዳ የተመቸች ናት፤ ባለ ስድስት ሲሊንደሩ ሞተሯ በባሕር ወለል 190 የፈረስ ኃይል ያህል ይሰጣል። በአዲስ አበባ ከፍታ ግን የሚቀረው ወደ 140 ገደማ ነው። የሕይወት ታሪካቸው ተራኪዎች እንደሚያወሱት ሞተሩ ታወከ። አውሮፕላኗ ከተማው ውስጥ ወድቃ በእሳት ተያያዘች። መሐንዲሱ ሞተ። ሮቢንሰን ክፉኛ ተቃጥለው ሆስፒታል ገቡ፤ ሁለት ሳምንት ያህል ከቆዩ በኋላ መጋቢት 18 ቀን 1946 ዓ.ም. ዐረፉ። ዕድሜያቸው ሃምሳ ዓመት ገደማ ነበር።

ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሞተር ሲፈታ የኖረ ሰው በሞተር መታወክ መሞቱ ብዙዎችን አሳዝኗል። ጥገና አደጋን ይቀንሳል እንጂ ፈጽሞ አያስቀርም፤ አንድ ሞተር ያላት አውሮፕላንም ሁለተኛ ዕድል የምትሰጠው ከፍታና ሜዳ ሲኖር ነው። በዚያን ቀን ሁለቱም አልነበሩም።

የአደጋ ምርመራን የሚመለከተው የቺካጎ ስምምነት አባሪ 13 የጸደቀው ከዚህ አደጋ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1951 ነበር። የምርመራው ዓላማ ጥፋተኛን መፈለግ ሳይሆን ተመሳሳይ አደጋ እንዳይደገም ማድረግ ነው፤ ለዚህም ስብርባሪው ባለበት መቆየት አለበት። በመሆኑም በደብረ ማርቆስም ሆነ በሌላ አካባቢ ትንሽ አውሮፕላን ማሳቸው ላይ ስታርፍ ወይም ስትወድቅ የሚያዩ ዜጎች የተጎዳ ሰው ካለ ሕይወቱን ለማዳን ይረዳሉ፤ ከዚያ ውጪ ግን ክፍሎቿን ሳያነሡና ሳያዛውሩ፣ እሳት ሳያቀርቡ፣ የቆመ ቢመስልም ወደ ፕሮፔለሩ ሳይጠጉ ወዲያውኑ ለቅርቡ ፖሊስ ጣቢያ ማሳወቅ ይጠበቅባቸዋል። አብራሪ መሆን የሚፈልጉም ቢሆኑ ፈቃዱ የሚሰጠው በኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን መሆኑን ልብ ይበሉ፤ በሥልጠናው ውስጥ በበረራ ላይ የሞተር መቆምን የመቋቋም ልምምድ ይገኛል።

የሮቢንሰን ሥርዓተ ቀብር በርካታ ሕዝብ በተገኘበት ተፈጸመ፤ መቃብራቸው በአዲስ አበባ ጉለሌ ነው። በስማቸው የተሰየመው የአሜሪካ ማዕከልም በዚያው በአዲስ አበባ፣ በብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት ቅጥር ግቢ ለአንባቢዎች ተከፍቷል።